መብራቱ በርቶ የለ? በሽቦ የሚሠራ የሱቅ አላርም እንዴት ይዘረጋል፣ እንዴትስ ፕሮግራም ይደረጋል

አክስቴ ደብረ ማርቆስ ሱቅ አላቸው። ከፊት ሳራቺኔስካ፣ ከጓሮ የብረት በር፣ ከጎን ጤፍና በቆሎ በጆንያ የሚደረደርበት መጋዘን። ጥር ላይ ልጠይቃቸው ሄጄ አንድ ማታ ሱቁን አብረን ዘጋን። ኮዳቸውን ነኩ። ኪፓዱ ቢፕ ቢፕ እያለ ቆጠረ። ቀይዋ መብራት በራች። አላርሙ ነቅቷል ማለት ነው።

ስልኬን መጋዘን ውስጥ ረስቼው ኖሯል። የጓሮውን ቁልፍ ተቀብዬ በሩን ከፈትኩ። መጮህ ነበረበት። ዝም አለ። ገብቼ ስልኬን አነሣሁ። አሁንም ዝም።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር አይሠራም እኮ!»

«ምን ማለትህ ነው ልጄ? መብራቱ በርቶ የለ!»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ መልሳቸው ነው። ብዙ ሰው ለአላርም ገንዘቡን ይከፍላል፣ መብራቱ ሲበራ ያያል፣ እፎይ ብሎ ይተኛል። ነገሩ ግን ለመረዳት ያን ያህል አይከብድም። አሠራሩን ያወቀ ባለቤት ባለሙያው የሠራለትን ሥራ ራሱ መፈተሽ ይችላል።

ከልቡ እንጀምር። ግድግዳ ላይ አንድ የብረት ሳጥን ይሰቀላል። ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ቦርድ ፓነል ይባላል። ከፓነሉ ወደ እያንዳንዱ በር ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይዘረጋሉ። ኮረንቲው በአንዱ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። በሩ ላይ ኮንታክት የሚባል፣ በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። በሩ ሲዘጋ መንገዱ ይገናኛል፣ ኮረንቲው ዞሮ ይመለሳል። በሩ ሲከፈት መንገዱ ይቋረጣል። እንዲህ ያለው እያንዳንዱ ዙር ዞን ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰው ኡኡ የሚለው ሌባ ሲያይ ነው። የሽቦ አላርም ግን ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ በር ሌሊቱን ሙሉ ለፓነሉ «አለሁ፣ አለሁ» ይለዋል። ፓነሉ የሚጮኸው ይህ ድምፅ ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ ሌባ ሽቦውን ቢቆርጠውም ይጮኻል። መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1853 ኦገስተስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ የሌባ ደወል ፓተንት ሲያወጣ፣ ደወሉ የሚደወለው በሩ ተከፍቶ ሽቦው ሲገናኝ ነበር። በዚያ አሠራር ሽቦውን አስቀድሞ የቆረጠ ሌባ በሰላም ይገባል።

በማግስቱ የጓሮውን በር ኮንታክት ፈትቼ አየሁት። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ርዝመቱ የትንሽ ጣት ያህል። በውስጡ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይወፍር የብርጭቆ ቱቦ አለ። ቱቦው ውስጥ ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች ጫፍ ለጫፍ ተደራርበዋል፣ ግን አይነካኩም። በመካከላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት አለ። ማግኔቱን ሲያስጠጉት ቅጠሎቹ ተሳስበው ይገናኛሉ። ጆሮ አጠገብ ይዞ ላዳመጠው ቀስ ብሎ «ጠቅ» ይላል። ማግኔቱ ሲርቅ እንደገና «ጠቅ»። ይህን የብርጭቆ ማብሪያ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠረው የአሜሪካው የቤል ስልክ ላብራቶሪ ሠራተኛ ዋልተር ኤልውድ ነው። ቱቦው የታሸገ ስለሆነ አቧራም እርጥበትም አይገባውም። ለዚህ ነው ለዓመታት ሳይበላሽ የሚያገለግለው።

የአክስቴም ኮንታክት ጤነኛ ነበር። ታዲያ በሩ ሲከፈት ለምን ዝም አለ?

ሳጥኑን ከፈትኩት። ሬዚስተር የሚባሉት፣ ኮረንቲን የሚገቱ ትንንሽ ዕቃዎች በሙሉ ፓነሉ ላይ፣ በየሽቦው መግቢያ ቡሎን ሥር ተደርድረዋል። የቀለም ቀለበቶቻቸው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ወርቃማ፤ የሚገቱበት መጠን 5.6 ኪሎ ኦም ነው ማለት ነው። ነገሩ የገባኝ እዚያው ነው። የእነዚህ ሬዚስተሮች ቦታ ሳጥኑ ውስጥ አይደለም። የሽቦው መጨረሻ ላይ፣ በሩ ጋ፣ ኮንታክቱ አጠገብ ነው።

ሬዚስተር ለኮረንቲ እንደ ጠባብ በር ነው። ፓነሉ ዙሩን ሲለካ 5.6 ኪሎ ኦም ካገኘ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል። በሩ ከተከፈተ ወይም ሽቦው ከተቆረጠ ምንም አይመለስለትም፣ ይጮኻል። ሁለቱ ሽቦዎች መንገድ ላይ እርስ በርስ ከተነካኩ ደግሞ ኮረንቲው ሬዚስተሩ ጋ ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል። ፓነሉ ዜሮ ያነባል፣ ሰው እንደነካካው ያውቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሬዚስተሩ መጨረሻው ላይ ካለ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ሽቦዎቹ የትም ቢነካኩ ፓነሉ ያንኑ 5.6 ያነባል። በሩ ቢከፈትም፣ ቢነቀልም «ሰላም ነው» እንዳለ ያድራል።

የጓሮውን ሽቦ ከፓነሉ ነቅዬ በቴስተር ለካሁት። በሩ ተዘግቶ ዜሮ። በሩን ከፈትኩ። አሁንም ዜሮ። ሽቦውን በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ከመቃኑ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ሚዛን የሚቀመጥበት ጣውላ ተመትቷል። የጣውላው ሚስማር ሽቦውን ወግቶ ሁለቱን አገናኝቷቸዋል። ጣውላው መቼ እንደተመታ አክስቴ አያስታውሱም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ያ በር ጠባቂ አልነበረውም።

ባለሙያው ለምን እንዲህ አደረገ? ስለሚቀል ነው። በየበሩ ላይ ሬዚስተር በስታኞ ከመበየድ ሳጥን ውስጥ በቡሎን ማሰር በአሥር ደቂቃ ያልቃል። አላርም የምታስገጥሙ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ሬዚስተሩን የት ነው የምታደርገው?» መልሱ «ሳጥን ውስጥ» ከሆነ እንዲያስተካክል ንገሩት። የሬዚስተሩ መጠን እንደ ፓነሉ ዓይነት ይለያያል። ዲኤስሲ 5.6 ኪሎ ኦም፣ የሃኒዌል ቪስታ 2 ኪሎ ኦም፣ ፓራዶክስ 1 ኪሎ ኦም ይጠቀማሉ። አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። የተሻለው አሠራር ደግሞ ባለ ሁለት ሬዚስተር ነው። ፓነሉ ያን ጊዜ በር መከፈቱንና ሽቦ መቆረጡን ለይቶ ያውቃል።

ወደ ዝርጋታው እንምጣ። ቤቱ ገና በመሠራት ላይ ከሆነ ከልስኑ በፊት ኮንዲት፣ ማለትም የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ፣ ቅበሩ። ይህ ዕድል አንዴ ካለፈ አይመለስም። ያለቀ ቤት ከሆነ ሽቦው በኮርኒስ ላይ ይሄዳል። ከ220 ቮልት መስመር ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ሁለቱ የግድ የሚቋረጡ ከሆነ በመስቀል ይቋረጡ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ።

የበር ነገር በእኛ አገር ለብቻው መታየት አለበት። የእንጨት በር ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሸበሸባል። ክረምት ላይ ልክ የነበረው የማግኔት ርቀት ጥር ላይ ይሰፋል። ንፋስ በሩን ገፋ ባደረገው ቁጥር ይጮኻል። በጭቃና በእንጨት የተሠራ ቤት መቃኑም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ርቀቱን ጥብብ አድርጎ ማስተካከል ነው፤ በሩ ተዘግቶ ማግኔቱና ኮንታክቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ባይራራቁ ይመረጣል። የብረት በር ላይ ደግሞ ብረቱ የማግኔቱን ጉልበት ይሰርቀዋል። ለብረት የተሠራ ኮንታክት አለ፣ እሱን ጠይቁ። ለሳራቺኔስካ መሬት ላይ የሚታሰር፣ ሽቦው በብረት ቱቦ የተሸፈነ ከባድ ኮንታክት ይሸጣል። ትንሿን ነጭ ፕላስቲክ ሳራቺኔስካ ላይ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው።

የሽቦው ውፍረትም ችላ አይባልም። ለበርና ለሴንሰር የተለመደው ቀጭን የአላርም ሽቦ ይበቃል። ለሳይረን ግን አይበቃም። በቁጥር ላሳይ። 22 ቁጥር የሚባለው ሽቦ በሜትር 0.053 ኦም ገደማ ይቃወማል። ሳይረኑ 30 ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው 60 ሜትር ነው፣ 3.2 ኦም ገደማ። ሳይረኑ 1 አምፒር ሲስብ 3.2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ12 ቮልቱ ሳይረኑ ጋ የሚደርሰው 9 እንኳ አይሞላም። ድምፁ ይላላል። ሴንሰር ግን የሚስበው ከአንድ አምፒር መቶኛ ብዙም ስለማይበልጥ ምንም አይሆንም። ለሳይረን ወፍራም ሽቦ፣ በቃ።

አሁን የመጋዘኑ ታሪክ። እዚያ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ተሰቅሏል። ግን እኔ ገብቼ ስወጣ እሱም ዝም ብሏል። አክስቴን ብጠይቃቸው መጀመሪያ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት እየጮኸ ሰፈሩን አስቸግሮ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ዱላውን ይዞ ወጥቷል። ከዚያ ባለሙያው ተጠራና «አስተካከልኩት» ብሎ ሄደ። አስተካክሎት ሳይሆን ዞኑን ከፕሮግራሙ አውጥቶት ነበር።

ይህ ሴንሰር ራሱ ምንም ጨረር አይልክም። ከሰው ገላ የሚወጣውን ሙቀት ብቻ ይቀበላል። ከፊት ያለው ሸንተረር ያለበት ነጭ ፕላስቲክ ክፍሉን በማራገቢያ ቅርጽ ወደ ብዙ ሰበዝ ይከፋፍለዋል። ሙቀት ያለው ነገር ከአንዱ ሰበዝ ወደ ሌላው ሲሻገር ያውቃል። ለዚህ ነው ፊት ለፊት ከሚመጣ ሰው ይልቅ በጎን የሚያልፈውን ቶሎ የሚይዘው። ስለዚህ በሩ ትይዩ ሳይሆን በሩ ጎን ካለው ጥግ፣ ከመሬት 2.1 እስከ 2.4 ሜትር ላይ ይሰቀላል። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ፊት አይሆንም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ሥርም አስቸጋሪ ነው፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ሞቃት አየር ያሳስተዋል።

የአክስቴን ያሳሳተው ግን ሌላ ነው። ሴንሰሩ ሲገጠም መጋዘኑ ባዶ ነበር። ኋላ የበቆሎው ጆንያ ተቆልሎ ሴንሰሩ አፍ ድረስ ደረሰ። ከላይኛው ጆንያ ላይ አይጥ የተመላለሰበት ምልክት ግልጽ ነበር። ራቅ ብላ መሬት ላይ የምትሄድ አይጥ ሴንሰሩን ታልፈዋለች። አንድ ክንድ ቀርባ ከፊቱ ስታልፍ ግን ከሰው አትለይም። «የቤት እንስሳ አይቆጥርም» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን የሚሠራው እንስሳው መሬት ላይ ሲሆን ነው። ሴንሰሩን ጆንያ ወደማይደረደርበት ጥግ አዛወርነው፣ የሽቦ መግቢያ ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፈንነው። ሸረሪት ውስጡ ድር ስትሠራም ያስጮኸዋልና።

ከዚያ ወዲህ በሐሰት አልጮኸም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ ሰፈር ኡኡታ ከተሰማ ሰው ይወጣል። ሳይረኑም የሚያድነው ጎረቤት ስለሚወጣለት ነው። በየሌሊቱ በከንቱ ከጮኸ ግን ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል። አይፈረድበትም።

ኃይሉን በተመለከተ ሁለት ነገር አጥብቄ እነግራችኋለሁ። አንደኛው ትራንስፎርመሩ ነው። ፓነሉ ከግድግዳ 220 ቮልት በቀጥታ አይወስድም፤ ትራንስፎርመር ወደ 16 ቮልት ገደማ አውርዶ ይሰጠዋል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሙሉ ዕቃውን በሻንጣ ልኮላችሁ ከሆነ አብሮት ያለው ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እዚህ ስትሰኩት ይቃጠላል። ፓነሉ ራሱ ይሠራል፤ ትራንስፎርመሩን ብቻ ውጤቱ እኩል በሆነ የ220 ቮልት ለውጡት። ይህን የ220 ጎን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። ሳጥኑ ሥር የሚቀመጠው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት የታሸገ ባትሪ ነው። ፓነሉ፣ ኪፓዱና ሴንሰሮቹ በአንድ ላይ ሩብ አምፒር ቢስቡ፣ 7 ለ0.25 ሲካፈል 28 ሰዓት ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። ያረጀ ባትሪ ግማሹንም አይሰጥም። ደግሞ ፓነሉ ባትሪውን የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው፤ ባዶ የሆነውን ለመሙላት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። መብራት በየቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ሳይሞላ ደግሞ ይራገፋል። እንዲህ እየሆነ የከረመ ባትሪ ቶሎ ይሞታል። በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል ይባላል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ግን 3 ዓመት ሲሞላው ሳትጠብቁ ለውጡት።

መብረቅም አለ። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ አይከራከረኝም። ከዋናው ቤት ወደ ውጭ በር የሚሄድ ረጅም ሽቦ የመብረቁን ንዝረት ሰብስቦ ፓነሉ ላይ ያወርደዋል። ፓነሉ ላይ የመሬት ሽቦ ማሰሪያ አለ። ብዙ ጊዜ ባዶውን ይተዋል። ከትክክለኛ የመሬት ዘንግ ጋር ይታሰር።

ፕሮግራሙ ሲታይ ያስፈራል፣ ሲገባ ግን ቀላል ነው። ኮከብና መሰላል ምልክቶችን እየነኩ ለፓነሉ የየዞኑን ጠባይ መንገር ነው። ሳራቺኔስካው «ታጋሽ» ዞን ይሆናል፤ ሲከፈት ኮድ እስኪነካ ጊዜ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። አክስቴ ግን ሳራቺኔስካውን ገፍተው፣ መብራት አብርተው ኪፓዱ ጋ እስኪደርሱ 40 ሰከንድ እንደሚፈጅባቸው በስልኬ ለካሁ። 50 አደረግነው። ሰውን ከማሽኑ ጋር ከማሯሯጥ ማሽኑን ለሰው ማስተካከል ይሻላል። የጓሮው በር «ፈጣን» ዞን ነው፤ በዚያ በኩል በሌሊት የሚገባ ባለቤት የለም፣ እንደተከፈተ ይጩኽ። የመጋዘኑ ሴንሰር «ተከታይ» ነው። ሳራቺኔስካው ቀድሞ ከተከፈተ እሱም አብሮ ይታገሣል። ማንም ሳይከፍት መጋዘን ውስጥ ሰው ከተንቀሳቀሰ ወዲያው ይጮኻል። የሳጥኑና የሳይረኑ ክዳን 24 ሰዓት የሚጠበቅ ዞን ላይ ይገባል፤ አላርሙ ባይነቃም የነካካቸው ይታወቃል። በመጨረሻ ሬዚስተሩ አንድ ይሁን ሁለት ለፓነሉ መንገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከተሳሳተ ፓነሉ ዞኖቹን በትክክል አያነብም።

ኮድን በሚመለከት ባለሙያውን ከማሰናበታችሁ በፊት አንድ ነገር ጨርሱ። ከባለቤቱ ኮድ ሌላ የገጣሚ ኮድ አለ። ፕሮግራሙን የሚከፍተው እሱ ነው። በብዙ የዲኤስሲ ፓነሎች ከፋብሪካ ሲወጣ 5555 ነው፣ የባለቤቱ ደግሞ 1234። መመሪያውን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱም ይለወጡ። አዲሱን የገጣሚ ኮድ በወረቀት ተቀብላችሁ ከቤት ካርታው ጋር አስቀምጡት። ለየሠራተኛው የየራሱ ኮድ ስጡ። ሠራተኛው ሲለቅ የሱ ብቻ ይሰረዛል።

ስልክ ላይ የሚደውል ጂኤስኤም መሣሪያ መጨመርም ይቻላል። ሲም ካርዱ ሒሳብ እንዲኖረው ብቻ ማስታወስ ነው። ኔትወርክ የማይኖርበት ሌሊት ስላለ ግን የውጭ ሳይረኑን አይተካም። የውጭው ሳይረን የራሱ ባትሪ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሽቦውን የቆረጠ ሰው ያስጮኸዋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ መፈተሽ ይቀራል። አንዴ ሳይሆን በየወሩ። አክስቴ ወር በገባ በ12 የሚካኤል ዕለት ሱቅ አይከፍቱም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አላርሙን እንዲፈትሹ ተስማማን። ባትሪውም አብሮ እንዲፈተሽ ትራንስፎርመሩን ከሶኬት ይነቅላሉ። ለጎረቤት «ሙከራ ነው» ይላሉ። አላርሙን ያነቃሉ፣ የጓሮውን በር ይከፍታሉ፣ ሳይረኑን ያዳምጣሉ።

ግንቦት 12 ከሰዓት ደወሉልኝ።

«ጮኸ፣ ግን ጉንፋን እንደያዘው ነው።»

ባትሪውን አውጥተው ጎኑ ላይ የታተመውን ቀን እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው። አላርሙ ከተገጠመ ዓመት አልሞላውም፤ ባትሪው ግን ከተመረተ አራት ዓመት አልፎታል። መደርደሪያ ላይ ከርሞ የተሸጠ ነው። በማግስቱ አዲስ ገዙ። ሻጩን ቀኑን አሳየኝ ብለው፣ አንብበው ነው የተቀበሉት። ከዚያ የገዙበትን ዕለት በማርከር ባትሪው ጀርባ ላይ ጻፉበት።